ከጎርጎራ ያመጣሁት ቢጫ ዱቄት

ይህን ጉዞ ለሰው ስተርክ ሁልጊዜ የምዘላት ቀን አለች። የጀልባውን እነግራለሁ፣ የቁንዝላዋን ሴትዮ ደግነት እነግራለሁ፣ ሰው ይስቃል። ሐሙስ ላይ ስደርስ ግን "ከዚያማ ተመለስሁ" ብዬ እቋጫለሁ። ያ መንግሥትም አልፏል፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ሐሙስንም እጽፋታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዘንባባዎቼ ልንገራችሁ፤ ያለ እነሱ ነገሩ አይገባም። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ግቢ ነው። ባለቤቴ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ይሠራ ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ ፊደል የለየሁት ከልጆቼ ደብተር ነው። ሌላዋ ሴት ወርቅ ስታይ ልቧ እንደሚሸፍት፣ የእኔ ልብ የሚሸፍተው ዘንባባ ሲያይ ነው። በዚያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓይነት ነበረኝ። ለሆሳዕና ቅጠሉን የምናስረው የዓባይ ዳሩ ዘንባባ አለ፤ እሱ ማንም ያለው ነው። ተምሩን ጎረቤቴ ሐያት በረመዳን ከላከችልኝ ፍሬ አብቅዬዋለሁ። ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋውን ከመንገድ ዳር ከለቀምሁት ዘር። ከመተማ የመጣ፣ ሲያድግ ግንዱ እንደ መንሽ ለሁለት ይከፈላል የተባለልኝም አለ። አንድ የአሰብ ሾፌር ያመጣልኝ ኮኮናት ሦስት ቅጠል አወጣና አኩርፎ ቀረ። ገሚሱ በዘይት ጣሳ፣ ገሚሱ በተሰበረ እንስራ ተተክሎ፣ ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ በር ላይ "ዛሬ የት ልርገጥ?" ብሎ ነው የሚገባው።

ከሁሉ የምትበልጥብኝ ግን ዘንባባ የምትመስል፣ ዘንባባ ያልሆነች ነበረች። አጭር ናት፤ ግንዷ እንደ አናናስ ቅርፊት የሻከረ፣ ቅጠሏ ዙሪያዋን እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ የቅጠሏ ጫፍ መርፌ። አንድ ወደ ሌላ አገር የተዛወረ ሹም ጥሎልኝ የሄዳት ናት። አንድ የእርሻ መምህር አይቶ "ሳይካስ ትባላለች፤ ከዘንባባ ጋር ዝምድና የላትም" አለኝ። እኔ ስሟን ሙሽሪት አልኋት። በየጥቂት ዓመቱ አናቷ ላይ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ ጎጆ ትሠራለች፣ በውስጡ ቀይ ፍሬ ትይዛለች። ፍሬውን ስሰብረው ባዶ ነው።

"ይቺኮ ሴት ናት" አለኝ መምህሩ እየሳቀ። "እንደ ፓፓያ ናት። የወንዱ ዱቄት ካልደረሳት ፍሬዋ ዘር አይሆንም።"

"ወንዱ የት ይገኛል?"

"እኔ ያየሁት አንድ ብቻ ነው። ጎርጎራ፣ ወይዘሮ እማዋይሽ የሚባሉ አሮጊት ግቢ።"

ያን ዓመት ግንቦት ላይ የሙሽሪት ጎጆ ተከፈተ። የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ነው። ቀበሌ ሄድሁ፤ በዚያ ዘመን ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ አይወጣም። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ "የጉዞው ምክንያት?" አለኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነው፤ ሁሉም ጎረቤት ነው። "ለዛፌ ባል ልፈልግላት" ተብሎ እንዴት ይነገራል?

"አክስቴ ታማ" አልሁ። ማኅተሙ ዷ አለ።

እሑድ።

ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌ ሐይቁን የማውቀው በባልዲ ነው፤ ቀድቼ አጠጣበታለሁ፣ ልብስ አጥብበታለሁ። ላዩ ላይ ስወጣ የኔው ውኃ አልመስል አለኝ። የጀልባዋ ተቆጣጣሪ ወረቀቴን ተቀበለና፣ ማንበብ መቻሉን ሰው እንዲያውቅለት ይመስል፣ ጮክ ብሎ አነበበው። "የታመመች አክስት ለመጠየቅ!"

ነገሩ ከእጄ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ጨው ጆንያ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ነጋዴ ብድግ አሉ። "ነይ እታለም፣ እዚህ ጥላው ላይ ተቀመጪ። አላህ ያሽራት።" አያ ኢብራሂም ይባላሉ፤ የወረታ ሰው ናቸው፣ ጨውና ጨርቅ ከወደብ ወደብ ሲያመላልሱ ያረጁ። አንዲት ሴት ሎሚ ሰጠችኝ፤ "ሲያስመልሳት አስሸትቺያት።" ከፊት የተቀመጡ መነኩሴ ደግሞ ዞር ብለው "ስመ ክርስትናዋን ንገሪኝ፣ በጸሎት ላስባት" አሉኝ።

የሌለች አክስቴን ስመ ክርስትና! "ወለተ ማርያም" አልሁ። ከቆቡ ሥር ትንሽ ደብተር አውጥተው ጻፏት።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ፣ ማዕበሉ ዘለለና ስንቄን ከነዘንቢሉ አራሰው። ዳቦዬ ሳሙና ሆነ። አያ ኢብራሂም የራሳቸውን ቂጣ ከሁለት ቆርሰው "የበሽተኛ ጠያቂ ጦሙን አይውልም" አሉ። በላሁ። አልክድም፣ ርቦኝ ነበር።

ያደርነው ቁንዝላ ነው። ያሳደረችን ሴትዮ የሺ ትባላለች፤ አያ ኢብራሂም ገና ከበር ላይ ጉዳዬን ነገሯት። ያቀረበችው እራት የዓሣ ወጥ ነው። እኛ ባሕር ዳር ዓሣውን ጠብሰን ነው የምንወድ፤ እነሱ በበርበሬ እስኪፈርስ ያንተከትኩታል፣ ይጥማል። ከዚያ የራሷን አልጋ ለቃልኝ ከልጆቿ ጋር መሬት ላይ ተኛች። "እንዴት ተደርጎ!" ብላት "ዝም በይ፣ አንቺ ካልተኛሽ በሽተኛዋን ማን ሊያስታምም ነው?" አለችኝ። ቤታችን የጠፍር አልጋ ነው ያለን፤ የእሷ ፍራሽ ነበረው። ጎኔ ግን አልረጋ አለ።

ሰኞ።

ደልጊን አልፈን ጎርጎራ ስንቃረብ አያ ኢብራሂም ጠየቁኝ። "አክስትሽ የማን ቤት ናት? ጎርጎራ የማላውቀው ደጅ የለም።"

እኔ ከዚያ አገር የማውቀው ስም አንድ ነው። "ወይዘሮ እማዋይሽ" አልሁ።

"እማማ እማዋይሽ!" ጀልባው ሁሉ ዞረ። "ባለፈው ሳምንት ጨው ወስደውብኝ፣ ተከራክረውኝ፣ አሸንፈውኝ ሄዱኮ! ድንገት ነው?"

"ድንገት ነው።"

"በይ ወርደን አብረን እንሄዳለን። ደርሼ ሳልጠይቅማ ነውር ነው።"

እናንተ ጎርጎራን ላላያችሁ፦ ከወደቡ ወደ ላይ ሲወጣ ሐይቁ ከእግር ሥር ይዘረጋል። እኛ ዘንድ ውኃው ወደ ዓባይ ሊሄድ የቸኮለ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ነው። ይህን ያየሁት በኋላ ነው። ሰኞ ዕለት ያየሁት ከፊቴ የሚራመደውን የአያ ኢብራሂምን ተረከዝ ብቻ ነው። አጥሩ ጋ ስንደርስ "ተኝታ እንደሆነ እኔ ልቅደም" ብዬ ሮጬ ገባሁ።

ግቢው መሃል ቆሟል። የኔዋን ሁለት ያህላል፤ ከአናቱ እንደ ትልቅ የበቆሎ እሸት ያለ ቢጫ ነገር ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ከሥሩ አንዲት ቀጭን አሮጊት ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ።

"እማማ፣ አያውቁኝም" አልሁ። "ከባሕር ዳር ነው፤ ዋሽቼ ነው የመጣሁ። አክስቴ ነዎት ብያለሁ፣ ታማለች ብያለሁ። ነጋዴው ሊጠይቁዎ በር ላይ ቆመዋል።"

አዩኝ። ወደ በሩ አዩ። "ምኔን ነው ያመመኝ?"

"እሱን አላልሁም።"

"ወገቤን ይሁን" አሉና ሰፌዱን አስታቅፈውኝ ቤት ገብተው ጋቢ ተከናንበው ተኙ። አያ ኢብራሂም ሲገቡ እንዴት እንዳቃሰቱ! እኔ ራሴ የታመሙ መስሎኝ ደነገጥሁ።

አያ ኢብራሂም ከሄዱ በኋላ እማማ ጋቢውን ገልጠው እስኪያለቅሱ ሳቁ። "ፊትሽ አሳዘነኝ" አሉ። "ሰው ደጄ ላይ ከሚዋረድ ወገቤ ቢታመም ምን አለበት?" ገንፎ አገነፉልኝ። እየበላሁ ስለ ሙሽሪት ነገርኋቸው፣ ቢጫውን ነገር ለመንኋቸው። ሳቁ ጠፋ።

"እሱን ባሌ ነው የተከለው" አሉ። "የጣሊያን አትክልተኛ ነበር፤ ጣሊያን ሲወጣ ነቅሎ በጀርባው ተሸክሞ አመጣው። እሱ ከሞተ ወዲህ ብረት ነክቶት አያውቅም። እንኳን ያንቺ፣ የልጄም እጅ አይነካው። አትቀየሚኝ።"

"ኧረ እኔ ምን ብዬ" አልሁ። ጥግ ላይ የተቋጠረ በሶና ዳቦ ቆሎ አይቼ፣ ወሬ ለመለወጥ "ይህ ለማን ነው?" አልኋቸው።

"ለአስማማው፤ ለልጄ። መምህር ነበር። እንዳገሩ ልጅ ሁሉ ወስደውት ጎንደር ታስሯል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የእህል መኪናው ረቡዕ ይወጣል፣ ሐሙስ ደጁ ላይ ነኝ። አንድ ሐሙስ ቀርቼበት አላውቅም።"

ማክሰኞ።

አያ ኢብራሂም ወሬውን ገበያ ላይ አድርሰውት ኖሯል። ከማለዳ ጀምሮ ቤቱ በሰው ሞላ። አጥሚት የያዘች፣ ቅቤ ይዛ ወገብ ልሽ የምትል፣ ጸበል በጠርሙስ ያመጣ። እማማ ተኝተው ያቃስታሉ፤ እኔ አስታማሚዋ ራስጌ ተቀምጬ ዝንብ አባርራለሁ። "የእኅቷ ልጅ ናት፣ ከባሕር ዳር ድረስ!" እያሉ ይመርቁኛል። ምርቃቱ አንገቴን ይሰብረዋል።

እኩለ ቀን ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር መጣ። ወጣት ነው፣ ክፉም አይደል፤ ቆቡን አውልቆ ነው የገባው።

"እማማ፣ ነገ ጎንደር የለም" አለ። "ይህን ወገብ ይዘው እህል መኪና ላይ? በእኔ ኃላፊነት አይሆንም።"

እማማ ብድግ ሊሉ ሞከሩ። "ኧረ አሁን ቀለል ብሎኛል፣ ጓድ ሊቀ መንበር!"

ሴቶቹ ተያዩ። አሮጊት በድንገት ቀለል አለኝ ስትል ምን እንደሚፈራ ታውቃላችሁ። ሁለቱ ይዘው መልሰው አስተኟቸው፤ አንደኛዋ እንባዋን ጠረገች።

"ስንቁን ይህች የእኅትዎ ልጅ ታድርስልዎ" አለ ሊቀ መንበሩ። "መኪናው ላይ የእርስዎን ቦታ እሷ ትያዝ። የእስረኛ መጠየቂያ ወረቀትዎንም በስሟ አዞረዋለሁ።"

አሁን ተናገሪ፣ አልሁ በልቤ። አንድ ቃል ናት፤ ዋሽቼ ነው። አፌን ከፈትሁ። እማማ ከጋቢው ሥር የእጄን አንጓ ጨበጡኝ፤ ዝም በይ ነው። ዝም አልሁ። እጃቸው ስለያዘኝ ነው ብዬ ለብዙ ዓመት ራሴን አታልዬዋለሁ። እውነቱ ግን ያ ሁሉ ሰው ያየኝ ነበር፤ እሱን ፈርቼ ነው።

ሰው ሲወጣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ እማማ!"

"ተይ። አሁን ብትናገሪ እኔም አብሬሽ ውሸታም ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀት ማን ይሰጠኛል? ልጄ ሳምንት ይታገሣል፣ ስንቁ ከደረሰው ምን ይሆናል" አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ትላንቱ አልነበረም። ተነሥተው ማጭድ አወረዱ፣ ወደ ዛፉ ሄዱ፣ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ቢጫውን እሸት ከሥሩ ቆርጠው አመጡልኝ። ዱቄቱ ክንዳቸው ላይ ረገፈ። "ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ከምንቀር" አሉ።

ረቡዕ።

ጤፍ በጫነ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ጎንደር ገባሁ። መንገዱ አቧራ ነው፤ የኛን የመሸንቲን መንገድ የሚያማ ሰው ይህን አላየም። ሾፌሩ ያረፍሁበትን ቤት ሰዎች "የእማማ እማዋይሽ ዘመድ ናት" ስላላቸው እግሬን አጠቡኝ። እሸቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዤው አደርሁ።

ሐሙስ።

ወኅኒው ደጅ ላይ ሴቶች በሰልፍ ቆመዋል፣ ሁሉም አገልግል ይዘዋል። ዘበኛው ወረቀቴን አየ፣ ስም ጠራ። ከሽቦው ወዲያ ረጅም ቀጭን ሰው መጣ፤ አፍንጫው የእናቱ ነው። እኔን አላየኝም፤ ከኋላዬ ነው የፈለገ።

"እናቴስ?"

ዘበኛው ወረቀቱን እንደያዘ አጠገቤ ቆሟል። "ደኅና ናቸው" አልሁ። "ትንሽ ወገባቸውን አሟቸው ነው።"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። በኛ አገር ሰው ሞቶ መርዶ እስኪነገር ድረስ ምን ይባላል? "ትንሽ አሟት ነው" ይባላል። የአስማማው ፊት አመድ ለበሰ።

"አንቺ ማን ነሽ?"

"የእኅታቸው ልጅ።"

"እናቴ እኅት የላትም።"

ወደ ሽቦው ተጠጋሁ፣ በሹክሹክታ ለፈለፍሁ። "ስማኝ ወንድሜ፣ ዋሽቼ ነው። አልታመሙም፤ እኔን ከውርደት ሊያድኑ ብለው ነው የተኙ። እኔ የመጣሁ ለዛፉ ነበር።" ስናገረው ለራሴም እውነት አልመስል አለኝ። ካየ ያምናል ብዬ ጨርቁን ፈታሁና እሸቱን አሳየሁት።

ሽቦውን ጨበጠ። "ይህን ማን ቆረጠው?"

"እሳቸው፣ በገዛ እጃቸው!"

"እሷ በሕይወት እያለች ይህ አይቆረጥም" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ እንደ ልጅ ድምፅ ባለ ድምፅ "መቼ ነው የቀበራችኋት?" አለኝ።

"በማርያም! በልጆቼ!" ብዬ ጮህሁ። ጩኸቴን ለቅሶ አደረገው። ዘበኛው "ሰዓት!" አለ። ስንቁን ሳያነሣ ዞሮ ሄደ፤ ሌላ እስረኛ ደግፎት ነበር።

ዘበኛውን ለመንሁት፤ ሳምንት ተመለሺ አለኝ። የይለፍ ወረቀቴ የሚያበቃው በማግሥቱ ነው። የእህሉን መኪና ሾፌር አግኝቼ "ለእማማ ንገርልኝ፣ እንዲህ ሆኗል፣ ለሚመጣው ሐሙስ እንዳይቀሩ" አልሁት። ማድረግ የቻልሁ ይህን ነው።

ዓርብ በአውቶቡስ ተመለስሁ። ርብ ድልድይ ላይ ስንደርስ እሸቱን በመስኮት ልወረውረው ጨርቁን ፈታሁ። መልሼ ቋጠርሁት። አዎ፣ መልሼ ቋጠርሁት። ቅዳሜ ማለዳ ሙሽሪት አናት ላይ በዶሮ ላባ እያራገፍሁ ዱቄቱን ነሰነስሁ፤ የእርሻ መምህሩ በየማለዳው ሳምንት ሙሉ ብሎኝ ነበርና ሳምንት ሙሉ። እኔ ላባ ይዤ በቆምሁባቸው ማለዳዎች ያ ሰው እናቱን እያለቀሰ ነበር።

ከወር በኋላ አያ ኢብራሂም ቤቴን አጠያይቀው መጡ። እማማ ሁሉን ነግረዋቸዋል። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቁንዝላ ላይ የሺ "አክስቷ እንዴት ሆነች?" ብላ እንደጠየቀቻቸውም ነገሩኝ።

"ለእማማ ወረቀቱ በስንት ልመና ተመለሰ" አሉኝ። "ሾፌሩ 'ሐሙስ እንዳይቀሩ' ከማለት በቀር የነገራቸው የለም፤ በሐሙሱ ሄዱ። ልጃቸው ሲወጣ ራሱን ተላጭቷል። እስረኞቹ ለቅሶ ተቀምጠውለት ነበር። ታዲያ እማማ የተላጨውን ራስ አይተው ደረታቸውን መቱ፤ 'ማን ሞተብን ልጄ?' ብለው ጮሁ። እሱም ሽቦውን ይዞ አያቸው፣ አያቸውና፣ 'አንቺ' አላቸው።"

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎተትሁ። አያ ኢብራሂም፣ "እማማ የላኩልሽ መልእክት አንዲት ናት" አሉ። "ያዘላት ወይ? ነው የሚሉ።"

ፍሬው መወፈር ጀምሮ ነበር፤ ክብደቱ ያስታውቃል። በእጄ ወደ ጓሮ አመለከትሁ። ሽማግሌው በጣሳዎቹ መሃል እየተጠነቀቁ ሄደው ሙሽሪት ላይ ጎንበስ አሉ፣ ባዘቶውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩ።

"ይዟል እላቸዋለሁ" አሉና በትራቸውን አንሥተው ወጡ።